በአራት ካርድ የታከሙት ሚዛን ጠጋኝ

አጎቴን በሕይወታቸው ሙሉ አንድም ቀን ስኳር በሽታ ይዟቸው አያውቅም። ይሁን እንጂ በሆስፒታላችን የስኳር ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ፣ «የዓመቱ አርአያ ታካሚ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ፎቶግራፋቸው እስከ ዛሬ ተለጥፎ ይገኛል። ፎቶው ላይ ፊታቸው ኮስተር ያለው አርአያ መሆን አስጠልቷቸው አይደለም፤ ፎቶ አንሺው ካሜራውን አጋድሎ ስለያዘ ነው። የተጋደለ ነገር ማየት አይሆንላቸውም ነበር።

ሰው ሁሉ ጋሽ ሚዛን ይላቸዋል። አርባ አንድ ዓመት ሚዛን ሲጠግኑ ኖረዋል፤ የሥጋ ቤት፣ የወርቅ ቤት፣ የወፍጮ ቤት፣ የፖስታ ቤት ሚዛን፣ የቀራቸው የለም። ሱቃቸው ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ጠባብ ክፍል ነበር። መደርደሪያው ላይ የመመዘኛ ድንጋዮቻቸው (ናስ ናቸው፣ ግን ሰው ድንጋይ ነው የሚላቸው) ከትልቁ እስከ ትንሹ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው ይተኛሉ። በባዶ እጁ የነካቸው ሰው ወዮለት፤ «የጣትህ ወዝ ራሱ ክብደት አለው» ተብሎ ይባረራል። አንድ ነጋዴ «ጋሽዬ፣ ትንሽ ወደኔ አድርጉልኝ» ብሎ ጠቀስ ካደረጋቸው ሚዛኑን አስታቅፈው ያስወጡታል። ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ግን ሲመዝን ጣቱን የሰሃኑ ጠርዝ ላይ ጣል የሚያደርገውን ነበር። «ሌባ እንኳ ይሻላል፤ ሌባ ፊት ለፊትህ ቆሞ እየሳቀልህ አይሰርቅህም» ይሉ ነበር።

እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ፣ ማለትም እህታቸው፣ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሚስት አላገቡም፤ ለምን ሲባሉ «አንዷን ልጅ በትክክል ላሳድግ» ይላሉ። ዳቦ ሲቆርሱልኝ እንኳ የእኔና የእሳቸው ድርሻ እኩል እስኪሆን ድረስ ከአንዱ ፍርፋሪ እያነሱ ወደ ሌላው ሲጨምሩ ዳቦው ይቀዘቅዝ ነበር። በትኩሱ የበላሁት ዳቦ ትዝ አይለኝም፤ የተበደልኩበትም ትዝ አይለኝም።

እኔ ደግሞ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በሽተኛ ሲመጣ ማኅደሩን ከመደርደሪያ ፈልጌ አወጣለሁ፤ አዲስ ከሆነ አዲስ ካርድ አወጣለታለሁ። ሐኪሞቹ ሰውን የሚያውቁት እነሱ ይመስላቸዋል። በዚህ ቤት አንድ ሰው ደሙን እያዘራ ቢመጣ እንኳ ካርድ እስኪወጣለት ድረስ ገና አልተወለደም። አስወላጇ እኔ ነኝ።

አጎቴ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ካንሰር ያዛቸው። ከትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ በዓመቱ ጉበታቸው ላይ ብቅ አለ። አርባ ሁለት ሚሊ ሜትር። ቁጥሩን ሲሰሙ ያሉት ነገር ቢኖር «በምን ለካችሁት?» ብቻ ነው። እኔ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ የእጅ መጥረጊያ ወረቀት እስኪያልቅ አለቀስኩ።

የካንሰር ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቁመቱ አጠር ስለሚል ሆስፒታሉ በሙሉ ትንሹ ዶክተር ይለዋል። በሦስት ሳምንት አንዴ በደም ሥራቸው የሚገባውን መድኃኒት ጀመረላቸው። ከዚያ አንድ ቀን ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ ወንበሩን ወደ አጎቴ ጠጋ አድርጎ ስለ አንድ ጥናት ነገረን።

«ጋሼ፣ የካንሰር ሴል ሆዳም ነው» አላቸው። «ስኳር በአንድ በር፣ ስብ በሌላ በር ያስገባል። አንዱን ስንዘጋበት በሌላው ይገባል። እኛ ደግሞ በሩን ሁሉ በአንዴ ብንዘጋበትስ ነው የምንለው። አዲስ መድኃኒት አይደለም። ድሮ የነበሩ፣ ለሌላ በሽታ የተሠሩ ኪኒኖች ናቸው። አንዱ የስኳር በሽታ ኪኒን፣ አንዱ የኮሌስትሮል ኪኒን...»

«ሦስተኛውስ?»

ትንሹ ዶክተር ጉሮሮውን ጠረገ። «ሦስተኛው የወስፋት መድኃኒት ነው።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞር አሉ፤ እኔ ወደ ጣሪያው ዞር አልኩ።

«የሆድ ትሉን የሚገድለው ስኳር እንዳይስብ እያደረገ ነው» አለ ዶክተሩ ፈጠን ብሎ። «በረሃብ ነው የሚገድለው። እና ሴሉንም ያስርበዋል ብለን ነው።»

«ይሠራል?» አሉ አጎቴ።

«አላውቅም። ለማወቅ ነው የምናጠናው። የሚገባልዎትን መድኃኒት ሳናቋርጥ በላዩ ላይ ስድስት ወር ይወስዳሉ። ሦስቱም አንድ ላይ ነው፤ አንዱ ከተቋረጠ ከጥናቱ ይወጣሉ።»

አጎቴ ተነስተው ጨበጡት። ወደ ቤት ስንሄድ ደስ ብሏቸው ነበር። «አላውቅም የሚል ሐኪም አገኘሁ። የዚህ ልጅ ሚዛን ደህና ነው» አሉኝ። እኔ ስለ ሚዛኑ ግድ አልነበረኝም። የቀረኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የወስፋት ሳይሆን የበግ መድኃኒት ነው ቢባል እንኳ እገዛ ነበር።

ጉዱ የፈላው ፋርማሲው መስኮት ላይ ነው። የመስኮቱ ሰውዬ ማዘዣውን ገልብጦ አየና መለሰልኝ። «ይኼ የስኳር ኪኒን ነው፤ የስኳር ክፍል ካርድ አምጪ። ይኼ የልብ ክፍል ነው፤ የልብ ካርድ አምጪ። ይኼኛው የሚወጣው ለሕፃናት ክፍል ብቻ ነው።» ጥናቱ መፈቀዱን፣ ማኅተም እንዳለው ነገርኩት። «ጥናቱ ተፈቅዷል፤ ኪኒኑ አልተፈቀደም» አለኝና የሚቀጥለውን ጠራ።

ትንሹ ዶክተር ወደ አስተዳደር ሮጠ። ደንቡን መቀየር የሚችለው የመድኃኒት ኮሚቴው ነው ተባለ። ኮሚቴው ደግሞ ዘጠኙም አባላት ካልተሟሉ አይሰበሰብም። ከዘጠኙ አንዱ ከሞቱ ሁለት ዓመታቸው ነው። እሳቸውን የሚተካ ሰው የሚመረጠው ኮሚቴው ሲሰበሰብ ነው። ይህንን ያስረዱት ጸሐፊ ነገሩ በጣም ግልጽ እንደሆነ ሁሉ ሻይ ጋበዙትና ሸኙት።

ዶክተሩ ካርድ ክፍል መጥቶ መስኮቴ ላይ ተደገፈ። «ካርድ የምታወጪው አንቺ ነሽ አይደል?» አለኝ። ከዚህ በላይ ምንም አላለም። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሦስት አዲስ ካርድ ሳብኩ።

አጎቴ ሲሰሙ ቱግ አሉ። «ስኳር የለብኝም! ልቤም ደህና ነው! ለምን ብዬ ነው ያልሆንኩትን ነኝ የምለው?» ብለው ጃኬታቸውን አነሱ። ሙሉ ቀን ለመንኳቸው። ማታ ራት ላይ የራሳቸውን ነገር መዘዝኩባቸው። «ጋሼ፣ ለቅቤ የተሠራ ድንጋይ ሚስማር ሲመዘንበት ይዋሻል?»

አሰቡበት። አጎቴ ሲያስቡ አገጫቸውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያሉ መሀሉን ይፈልጋሉ። «አይዋሽም፤ ኪሎ ኪሎ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እሺ። ወረቀት የሚለው የወረቀት ጉዳይ ነው። የሚዛኑ ቀስት የሚያሳየው ግን የእኔ ጉዳይ ነው። አንድ ቁጥር እንዳትነኪ!»

ቁጥር አንድ ቦታ መንካቴን ግን አልነገርኳቸውም። የሕፃናት ክፍል ኮምፒውተር ከአሥራ አራት ዓመት በላይ አይቀበልም። ስልሳ ሰባት ብዬ ስጽፍ ጮኸ። ስድስት ዓመት ከሰባት ወር ብዬ ስጽፍ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

የታወቀብኝ በመጀመሪያው ቀን ነው። የሕፃናት ክፍሏ ነርስ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ከካርድ ውጭ በምንም ነገር የማታምን ሴት ናት። «የስድስት ዓመት ከሰባት ወሩ ልጅ!» ብላ ተጣራች። አጎቴ ግራ ቀኝ አይተው ልጁን ፈለጉት። ከዚያ ቀጥሎ ስማቸው ሲጠራ ወደ እኔ የላኩትን አተያይ አልረሳውም፤ ውሃ ሆንኩ።

ነርሷ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፣ ካርዱን አየች፣ እንደገና አየቻቸው። «ካርዱ ስድስት ይላል» አለች። «ሚዛን ላይ ይውጣ።»

ወጡ። ሃምሳ ስምንት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ነርሷ የዕድገት ሰንጠረዡን ዘርግታ ነጥቡን ስትፈልግ ወረቀቱ አልበቃ አለ። ከወረቀቱ ወርዳ ጠረጴዛው ላይ በእስክሪብቶዋ ነጥብ አደረገችና «ለዕድሜው ደህና አድጓል» ብላ ጻፈች። ቀጥላም ባለ ኮከብ ተለጣፊ አንስታ ኮታቸው ላይ ለጠፈችላቸው።

እኔ አሁን ይፈነዳሉ ብዬ ስጠብቅ አጎቴ ከሚዛኑ አልወርድም አሉ። ጎንበስ ብለው ቀስቱን አዩ። «ይኼ ሚዛን አራት መቶ ግራም ይጨምራል» አሉ። ከኪሳቸው ትንሿን መፍቻ አውጥተው ሚዛኑን ገለበጡት። ከወረፋው ያሉ እናቶች ሕፃናታቸውን እንደታቀፉ ከበቧቸው። በሩብ ሰዓት ውስጥ አስተካክለው ሲጨርሱ ነርሷ ጠዋት የተመዘኑትን ሕፃናት ሁሉ መልሳ መመዘን ጀመረች። በዚያ ቀን የስንቱ እናት ወሽመጥ ተቆረጠ! ሲወጡ አጎቴ የተናደዱት በእኔ ሳይሆን በሚዛኑ ነበር። «ስንት ልጅ ወፈረ ተብሎ ተሸኝቷል» እያሉ መንገዱን በሙሉ ሲነጫነጩ ኮከቡን ከኮታቸው አላነሱትም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ወር ሄደ። ጠዋት ተነስተው የስኳሩን ኪኒን ከምግብ ጋር፣ ማታ የኮሌስትሮሉን፣ የወስፋቱን ደግሞ ዶክተሩ ባዘዘው ቀን ይውጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የስኳሩ ኪኒን ሆዳቸውን አላወሰው፤ ከሱቃቸው እስከ ጎረቤቱ መጸዳጃ ቤት ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥረው ያውቁት ነበር። ከጊዜ በኋላ ለመዱት። የልብ ክፍል ሐኪም አንዴ የያዘውን ሰው ስለማይለቅ በእሱ በኩል ሥጋት አልነበረንም። የሕፃናት ክፍሉም በየወሩ ኮከብ ይለጥፍላቸዋል። መከራችን የመጣው ከስኳር ክፍል ነው።

የስኳር ክፍል ኃላፊዋን ሕመምተኞች ኮስታራዋ ሲስተር ይሏታል። ለሠላሳ ዓመት ሰው ጣፋጭ እንዳይበላ ስትቆጣ የኖረች ሴት ናት፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን ከረሜላ ከበር ሆና ታውቀዋለች። አጎቴ ግን ደስታዋ ሆኑ። በወር አንዴ ጣታቸውን ትወጋለች፣ ቁጥሩን ታያለች፣ ለወረፋው ሁሉ ታሳያለች። «ዘጠና አራት! እዩ! ሰው እንዲህ ነው!» አጎቴ «ሲስተር፣ እኔ እኮ...» ማለት ሲጀምሩ እግራቸውን እረግጣቸዋለሁ።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አራት ወር በተከታታይ ስኳሩ ደህና የሆነ ታካሚ ይመረቃል፤ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ካርዱም ይዘጋል። ቦታው ለሌላ ይለቀቃል። ሲስተር አጎቴን በፈገግታ አየቻቸው። የእሷን ፈገግታ ያየነው የዚያን ቀን ብቻ ነው። «በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ተመራቂ ይሆናሉ!»

ካርዱ ከተዘጋ ኪኒኑ ይቆማል፤ ኪኒኑ ከቆመ አጎቴ ከጥናቱ ይወጣሉ፤ ገና ሁለት ወር ይቀራል። አጎቴ ጤነኛ በመሆናቸው ምክንያት መድኃኒት ሊከለከሉ ነው።

«ከምርመራው በፊት አንድ ለስላሳ ቢጠጡስ?» አልኳቸው በዚያው ሳምንት። «አንድ ጠርሙስ ብቻ። ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ካርዱ አይዘጋም።»

«ስኳሩን ዶክተሩ ቀንስ ብሎኛል።»

«አንድ ቀን ምን ያደርጋል?»

«እሱ አይደለም ነገሩ።» ሲሠሩበት የነበረውን የወርቅ ቤት ሚዛን ወደ ጎን አደረጉ። «ቁጥሩ ዘጠና አራት ከሆነ ዘጠና አራት ነው። ቁጥር አላስዋሽም። ብሞትም አላስዋሽም።»

«ሊሞቱ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ልመልሰው ፈለግኩ። እሳቸው ግን ድንጋዩን በጨርቅ ይዘው ሰሃኑ ላይ አስቀመጡና ቀስቱ እስኪቆም ጠበቁ።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ማንም አልመከረኝም። መስኮቴ ላይ አንድ ሽማግሌ ማንጎ በልተው ሳይታጠቡ ተመርምረው ቁጥሩ ሰማይ እንደነካ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። በምርመራው ቀን ሁለታችን ወረፋ ላይ ተቀምጠን ሳለ ከቦርሳዬ ብርቱካን አወጣሁ። «ጋሼ፣ ጥፍሬ ተሰብሯል፤ ላጡልኝ» አልኳቸው። ላጡልኝ። ክፍልፋዩን አንድ በአንድ እየነጠሉ አቀበሉኝ። አንዷን እንኳ ወደ አፋቸው አላስጠጉም። ሲጠሩ ጣቶቻቸው በጭማቂው ረጥበው ነበር። ሲስተር በጥጥ ዳሰስ አድርጋ ወጋቻቸው።

አራት መቶ ሰባ ሁለት።

እኔ የጠበቅኩት መቶ ሰማንያ ቢሆን፣ ሁለት መቶ ቢሆን ነበር። ሲስተር ጮኸች። ደወል ተደወለ። ባለ ተሽከርካሪው አልጋ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አጎቴ ተነጥፈውበት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲበሩ ኮታቸው ላይ ያለው ኮከብ ብቻ ታየኝ። አንዱ ጫማቸውን ያወልቃል፣ አንዱ ደም ሥር ይፈልጋል፣ አንዷ ኢንሱሊን በመርፌ እየሞላች ነው። ኢንሱሊን ስኳሩ ደህና የሆነን ሰው ሊገድል እንደሚችል የካርድ ክፍል ሠራተኛም ታውቃለች። ልናገር አፌን ስከፍት ድምፅ እምቢ አለኝ።

«ቆይ!» አሉ አጎቴ።

ሁሉም ቆመ። አጎቴ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጣቶቻቸውን አንድ ላይ ነካክተው አዩ። ተጣበቁ። አሸተቱት። ከዚያም ከሐኪሞቹ ትከሻ በላይ፣ በሩ ላይ ወደ ቆምኩት ወደ እኔ አዩ።

«ሰሃኑ ቆሽሿል» አሉ። «ሳይጠረግ አይመዘንም። ውሃና ሳሙና አምጡ።»

ታጠቡ። በሌላ ጣት ተለካ። ዘጠና አንድ። ባለ መርፌዋ ልጅ መርፌውን ወለሉ ላይ ጣለችው። ሲስተር ግድግዳ ተደግፋ ቁና ቁና ተነፈሰች። «ምን ነክተው ነበር?» ስትላቸው «ብርቱካን ልጬ ነበር» አሉ። ለማን እንደላጡ አልተናገሩም።

ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ዳቦ ግን እንደ ወትሮው እኩል ቆረሱልኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫማቸውን እያሰሩ ቀና ሳይሉ «አርባ አንድ ዓመት ጣት የሚያስቀምጥ ነጋዴ ሳባርር ኖሬ፣ የራሴን ጣት ሚዛን ላይ አስቀመጥሽብኝ» አሉ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። «እንዳይሞቱብኝ ፈርቼ ነው፤ ማን አለኝ?» አልኳቸው። ማሰሩን ተዉና ቀና አሉ። «አውቃለሁ» አሉ። «እኔም ፈርቻለሁ። ግን ሁለታችንም በፍርሃት ከመዘንን፣ ትክክሉን ማን ይነግረናል?» ጎንበስ ብዬ የጫማቸውን ክር አሰርኩላቸው።

የምረቃው ቀን ደረሰ። የስኳር ክፍል አዳራሽ ውስጥ አርባ የሚሆን ሕመምተኛ ተቀምጧል፤ ፎቶ አንሺው ካሜራውን አጋድሎ ይዟል። ሲስተር የምስክር ወረቀቱን ሰጠቻቸውና ለተሰበሰበው ሰው ምሥጢራቸውን እንዲናገሩ ጋበዘቻቸው። አጎቴ ቆሙ። እግራቸውን እንዳልረግጥ ሩቅ ነበርኩ።

«እኔ ስኳር በሽታ የለብኝም» አሉ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «እንዲህ ነው ማመን!» ብሎ ጮኸ አንድ ሰው።

«ኖሮብኝም አያውቅም!»

ጭብጨባው እጥፍ ሆነ። አንዲት እናት ተነስተው «እኔም የለብኝም!» አሉ። ከኋላ ያሉትም ተከተሏቸው። ሲስተር ሰዉን መልሳ ለማስቀመጥ ብዙ ተቸገረች።

አጎቴ ፀጥ እስኪል ጠበቁ፤ ቀስት እንደሚጠብቁት። «ኪኒኑን የምወስደው ለካንሰር ነው» አሉ። ይኼኔ የሚያጨበጭብ ጠፋ።

ሲስተር ሁለታችንንም ወደ ቢሮዋ አስገብታ በሩን ዘጋች። ሥራዬ እንዳበቃለት አወቅኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ብርቱካን ሄደ ብዬ በልቤ ተሰናበትኩት። አጎቴ ሁሉንም ነገር ነገሯት፤ የሆዳሙን ሴል በሮች፣ የወስፋቱን መድኃኒት፣ የማይሰበሰበውን ኮሚቴ። ስለ ብርቱካኑ ደግሞ እኔው ራሴ ተናገርኩ። ሲስተር ካርዱን ገልጣ አራቱንም ቁጥሮች አንድ በአንድ በጣቷ እየተከተለች አየች።

«ቁጥሮቹ እውነት ናቸው?» አለች።

«እውነት ናቸው» አሉ አጎቴ።

«ስለዚህ ካርዱ ይዘጋል። ደንብ ነው።»

«ይዘጋ።» ድምፃቸው ትንሽ ሰለለ። ተነስተው ባርኔጣቸውን ፈለጉ።

ሲስተር ግን እስክሪብቶዋን አላስቀመጠችም። «አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል» አለች። «በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ውስጥ ስኳር እንደማይዝዎት እርግጠኛ ነዎት?»

አጎቴ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆሙ። አገጫቸው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሄደ። «እንዴት እርግጠኛ እሆናለሁ? ያልተለካ ነገር ላይ አልምልም።»

«ማረጋገጫ መስጠት አይችሉም?»

«አልችልም።»

«ጥሩ» አለች ሲስተር፤ እየጻፈችም ጮክ ብላ አነበበችው። «ታካሚው ወደፊት ስኳር እንደማይዛቸው ማረጋገጫ መስጠት አልቻሉም። ጥርጣሬው እስኪጣራ ክትትሉና ኪኒኑ ይቀጥል።» ማኅተሙን በሁለት እጇ መታችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ደግሞ ብርቱካን ይዘሽ በዚህ ኮሪደር ባይሽ!» አለችኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስድስቱ ወር አለቀ። ትንሹ ዶክተር የአዲሱን ምርመራ ውጤት ይዞ እየሮጠ ካርድ ክፍል ድረስ መጣ። አርባ ሁለት የነበረው ሃያ ሰባት ሆኗል። እኔ ማኅደሮቹን በትኜ አቀፍኩት። አጎቴ ግን ከወንበራቸው አልተነሱም።

«በዚያው መሣሪያ ነው የለካችሁት?» አሉ።

ዶክተሩ ወረቀቱን መልሶ አየ። የፊተኛው በአሮጌው መሣሪያ፣ የአሁኑ በአዲሱ ነበር። «ጋሼ፣ የመሣሪያ ልዩነት አሥራ አምስት ሚሊ ሜትር አያመጣም!»

«እንዲህ የምትለው ስለምትፈልገው ነው፣ ልጄ። እኔም እፈልገዋለሁ። ለዚህ ነው የማላምነው። በአሮጌው ለካኝ።»

በሳምንቱ በአሮጌው ተለኩ። ሃያ ስምንት። አጎቴ ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ እንደገና አነበቡት። ከዚያ እንደ ሕፃን ሆዳቸውን ይዘው አለቀሱ። በሕይወቴ ሲያለቅሱ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። «ቀንሷል» አሉኝ፤ እኔ እንዳልሰማሁ ሁሉ። ሲረጋጉ ዶክተሩን «ያሳነሰው የቱ ነው? በደም ሥር የገባው ነው ወይስ ኪኒኖቹ?» ብለው ጠየቁት። «አላውቅም» አለ። በጥናቱ ውስጥ የነበሩት ሠላሳ አንድ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዱን የረዳ ይመስላል፣ አንዳንዱን አልረዳም፤ ብዙ ሰው ላይ ካልተሞከረ ማንም እርግጡን አይናገርም። አጎቴ እንደገና ጨበጡት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ኖሩ። ሚዛን ጠገኑ፣ ነጋዴ አባረሩ፣ የሕፃናት ክፍሉን ሚዛን በየሦስት ወሩ እየመጡ አዩ። ነርሷም በመጡ ቁጥር መዝና ኮከብ ትለጥፍላቸዋለች። በመጨረሻ በሽታው ተመልሶ መጣና በዝናብ ወራት፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋቸው ላይ ሞቱ። ከመሞታቸው አንድ ሳምንት በፊት «እነዚያን ካርዶች ዝጊያቸው። የውሸት ወረቀት ትቼ አልሂድ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

የመዝጊያው ቅጽ ላይ ምክንያት ይሞላል፤ ድኗል፣ ተዛውሯል፣ ዕድሜው አልፏል፣ ሞቷል። የስኳሩን ካርድ ድኗል ብዬ ዘጋሁት። የልቡን ተዛውሯል አልኩ። የካንሰሩን ካርድ ስዘጋ የመጨረሻውን ቃል በእጄ ጻፍኩት፤ ሌላ ሰው እንዲጽፈው አልፈለግኩም።

የሕፃናት ክፍሉን ካርድ አልዘጋሁትም። በየወሩ ነርሷ የቀሩትን ልጆች ዝርዝር ትልክልኛለች፤ የእሳቸው ስም ከላይ ነው፤ «ልጁ ለመመዘን አልመጣም፤ ይጠራ» ይላል። እኔም ከጎኑ «ይመጣል» ብዬ ጽፌ እመልስላታለሁ። አሁን በካርዱ አሥር ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆኗቸዋል። አሥራ አራት ሲሞላቸው ኮምፒውተሩ ራሱ ይዘጋቸዋል። ጣቴን ሚዛኑ ላይ እንዳስቀመጥኩ አውቃለሁ፤ አጎቴ ቢያዩኝ ሚዛኔን አስታቅፈው ያስወጡኝ ነበር። ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ይቀረኛል። እስከዚያ አላነሳውም።